የአንድ ሰው ሱቅ፦ በአንዋር መስጊድ ሰፈር ብቻውን የሚነግድ ሰው ታሪክና ሸክም

ታላቁ አንዋር መስጊድና የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ተቀራርበው የቆሙበት የመርካቶ ክፍል በአገራችን ንግድ ውስጥ ያለው ስፍራ ከፍተኛ መሆኑ ብዙ ጊዜ ተነግሯል። ይህ አነጋገር የገበያውን ስፋት ቢገልጽም ስለ ነጋዴው ግን እምብዛም የሚያስረዳው ነገር የለም። ገበያው ግዙፍ ነው፤ ገበያውን ገበያ ያደረጉት ሱቆች ግን፣ ብዙዎቹ፣ ባለቤቱ ራሱ ገዥ፣ ራሱ ሻጭ፣ ራሱ ገንዘብ ያዥ፣ ሲመሽም ራሱ ቆላፊ የሆነባቸው ጠባብ ክፍሎች ሆነው ኖረዋል።

ይህን ሰው በሚመለከት ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛው፣ ካፒታልም ሠራተኛም ሳይኖረው ምን ተደግፎ ቆመ? የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ እንዲህ ከቆመ በኋላ ስለ ምን ብዙውን ጊዜ ከዚያው ሳያልፍ ቀረ? የሚል ነው። የሰፈሩ ታሪክ በጥሞና ሲታይ ለሁለቱም የሚሰጠው መልስ አንድ ነው። ይኸውም፣ ነጋዴው በዕለት ሥራው ፈጽሞ ብቻውን ሆኖ አያውቅም፤ ብቻውን የሚሆነው በዕዳው፣ በግብሩና በሕመሙ ቀን ነው።

ከአራዳ ወደ አዲስ ከተማ

ከጣሊያን ወረራ በፊት የአዲስ አበባ ዋና ገበያ አራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነበር። በዚያ ገበያ ትላልቆቹን መደብሮች የያዙት በአብዛኛው የውጭ አገር ሰዎች፣ ማለትም ሕንዶች፣ አርመኖች፣ ግሪኮችና ዐረቦች ነበሩ። የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ከጂቡቲ የሚመጣው ሸቀጥ እየበዛ ሲሄድ፣ ሸቀጡን በጅምላ የሚያስመጣውና በችርቻሮ የሚያደርሰው ሰው እየተለያየ መጣ። በየመንደሩ ጨውና ስኳር፣ ሻማና ክብሪት የሚሸጡት ትንንሽ ሱቆች በአብዛኛው የየመን ዐረቦች ስለ ነበሩ፣ የመንደር ሱቅ ለብዙ ዘመን «ዐረብ ቤት» ሲባል ኖሯል።

ጣሊያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማይቱን ከያዘ በኋላ ነጮችንና አገሬዎችን የሚለያይ የከተማ ፕላን አወጣ። አራዳ የአውሮፓውያን የንግድ ስፍራ ሆኖ «ፒያሳ» ተባለ፤ የአገሬው ሰው ገበያ ግን ወደ ምዕራብ ተገፍቶ «መርካቶ ኢንዲጄኖ»፣ የተወላጆች ገበያ፣ የሚል ስም ተሰጠው። ሰፈሩ አዲስ ከተማ የተባለው፣ የአንዋር መስጊድም የተተከለው በዚሁ ዘመን ነው። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ «ኢንዲጄኖ» የሚለው የንቀት ቃል ቀርቶ «መርካቶ» የሚለው ብቻ ጸና።

ስለዚህ መርካቶ ሲጀመር የመገለል ውጤት ነበር። ይሁን እንጂ ይኸው መገለል ያልታሰበ ዕድል አስከተለ። በአራዳ የውጭ አገር ሰው መደብር አጠገብ ቦታ ያልነበረው አገሬ ነጋዴ፣ በአዲሱ ገበያ ትንሽም ብትሆን የራሱን መደብ ለመያዝ ቻለ።

ከሱቅ በደረቴ እስከ ሱቅ

ይህን ዕድል ከተጠቀሙበት መካከል ቀዳሚውን ስፍራ የሚይዙት ከጉራጌና ከስልጤ ምድር የመጡ ወጣቶች ናቸው። የእንሰት ምድር ሕዝቡ የተጨናነቀበት፣ ለየልጁ የሚከፋፈለውም መሬት እያነሰ የሚሄድበት ስለ ነበር፣ ወደ አዲስ አበባ መሰደድ ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቤተሰብ ኑሮ አካል ሆነ። ወጣቱ በተሸካሚነት ወይም በሊስትሮነት ይጀምራል። ጥቂት ሲቆጥብ ማስቲካና ክብሪት፣ መርፌና ክር፣ ማበጠሪያና መስተዋት በሣጥን አድርጎ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይዞራል፤ ይህም «ሱቅ በደረቴ» የተባለው ነው። ከዚያ በረንዳ ላይ መደብ ይይዛል፤ በመጨረሻም፣ ዕድል የቀናው እንደ ሆነ፣ ሱቅ ይከፍታል።

በዚህ መሰላል ላይ ዋናው ትምህርት ቤት የሌላ ሰው ሱቅ ነበር። ከአገር ቤት የመጣው ልጅ ዘመዱ ሱቅ ገብቶ ቀን ዕቃ ያቀብላል፤ ሌሊት እዚያው ቆጥ ላይ ይተኛል። ደመወዙ ምግቡ፣ ልብሱና ሙያው ነበር። ከዓመታት በኋላ ባለሱቁ ጥቂት ሸቀጥ በዱቤ ሰጥቶ፣ ለጅምላ ነጋዴውም «ይህ የእኔ ልጅ ነው» ብሎ አስተዋውቆ ያሰናብተዋል። በባላንስ ሺት ላይ የማይመዘገበው ይህ አንድ ቃል የብዙ ነጋዴ የመጀመሪያ ካፒታል ነበር። ልማዱ ግን ሌላ ገጽ እንዳለውም መዘንጋት አይገባም። የልጁ ድካም በገንዘብ ስለማይቆጠር የሱቁ ትርፍ ከእውነተኛው በልጦ ይታይ ነበር፤ አንዳንዱም ልጅ ዓመታቱን አገልግሎ ባዶ እጁን ይወጣ ነበር።

የሴቶቹ መንገድ ከዚህ የተለየና የጠበበ ነበር። በጉልት፣ በቅመም፣ በበርበሬና በሸማ ንግድ የተሰማራችው ሴት ብዙ ጊዜ ከቤት ሥራ ጋር ደርባ የምትነግድ ናት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ፣ የጋራ ንብረትም አስተዳዳሪ ስላደረገው፣ ራሷ ያፈራችውን ንብረት ለብድር ዋስትና ለማቅረብ ትቸገር ነበር። ይህ ድንጋጌ በአዲስ አበባ የተለወጠው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ ነው።

የአንድ ሰው ሱቅ ውስጣዊ ችግር

የአንድ ሰው ሱቅ የመጀመሪያ ችግሩ ጊዜ ነው። ነጋዴው ሸቀጥ ለመግዛት ከሄደ አይሸጥም፤ ለመሸጥ ከተቀመጠ ደግሞ የተሻለ ዋጋ ፈልጎ አይገዛም። ዕዳ ለማስከፈል፣ ግብር ለመክፈል፣ የታመመ ልጅ ሐኪም ቤት ለማድረስ የወጣበት ሰዓት ሁሉ ሱቁ የተዘጋበት ሰዓት ነው፤ ሱቁ ቢዘጋም የቤት ኪራዩ ይቆጠራል።

የሰፈሩ ኑሮ ለዚህ ያበጀው መፍትሔ አደራ ነው። ዓርብ ቀን የጁምዓ ሶላት ሲደርስ ከአንዋር መስጊድ ግቢ የተረፈው ሰጋጅ መንገዱን ሲሞላ፣ ሰጋጁ ነጋዴ ሱቁን ለክርስቲያን ጎረቤቱ አደራ ብሎ ይሄዳል። በመስቀል ሰሞን ክርስቲያኑ ጉራጌ ወደ አገር ቤት ሲወርድ፣ በዐረፋም እስላሙ ጉራጌና ስልጤ ሲሄድ፣ የቀረው የሄደውን ደንበኛ ያስተናግዳል። ተራ በተራ የተደረደሩት ሱቆች አንድ ዐይነት ሸቀጥ የሚሸጡ ተፎካካሪዎች ሲሆኑ፣ አንዱ ያጣውን መጠን ወይም ቀለም ከሌላው አምጥቶ ለገዥው ማቅረቡ የተለመደ ነው። ከውጭ ሲታይ ውድድር የሚመስለው፣ ከውስጥ ሲታይ የጋራ መጋዘን ነው።

ሁለተኛው ችግር የሱቁና የቤቱ ኪስ አንድ መሆኑ ነው። የልጅ ደብተር፣ የለቅሶ መዋጮ፣ ለወላጅ የሚላከው ገንዘብ ሁሉ ከዚያችው መሳቢያ ይወጣል። ይህን እንደ አላዋቂነት ብቻ መቁጠር ግን ትክክል አይደለም። ሉካ ፓቾሊ የተባለው ጣሊያናዊ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1494 ቬኒስ ላይ ባሳተመው የሒሳብ መጽሐፍ ስለ ሁለትዮሽ ምዝገባ ሲያስተምር፣ ነጋዴው አስቀድሞ ሊጽፈው የሚገባው የንብረት ዝርዝር ቤቱን፣ ልብሱንና ጌጣጌጡን ጭምር እንደሚያጠቃልል አስረድቷል። ነጋዴውንና ንግዱን ለይቶ የማየት ልማድ በአውሮፓም ቢሆን ቀስ በቀስ የመጣ ነው።

ሦስተኛው ችግር፣ ከሁሉም የከፋው፣ የሱቁ ዕውቀት በአንድ ሰው ራስ ውስጥ መቀመጡ ነው። የዱቤ ደብተሩ ቢኖርም እንኳ ባለዕዳው በሙሉ ስሙ ሳይሆን በሰፈር መጠሪያው ይመዘገባል፤ ከጅምላ ነጋዴው ጋር ያለው ቀሪ ሒሳብ አንዳንዴ ጨርሶ አይጻፍም። ባለቤቱ በሕይወትና በጤና ሳለ ይህ አሠራር ፈጣንና ወጪ የሌለው ነው። በድንገት ሲሞት ግን ባለገንዘቦች ዕዳቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ባለዕዳዎቹ ግን የሚታወቁበት መንገድ የለም። መዝገቡን ማንበብ የሚችለው የጻፈው ሰው ብቻ ነበርና።

ዕቁብ፦ ያለ ባንክ ባንክ

በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ባንክ፣ የአቢሲኒያ ባንክ፣ በ1898 ዓ.ም. ቢቋቋምም፣ የባንክ በር ለትንሹ ነጋዴ ለረጅም ዘመን ጠባብ ሆኖ ቆይቷል። ባንክ መያዣ ይጠይቃል፤ ተከራይ ነጋዴ ደግሞ መያዣ የሚሆን ቤት የለውም። በአንዋር ሰፈር ሌላም ምክንያት ነበር፤ ወለድ በእስልምና የተከለከለ ስለ ሆነ፣ መያዣ ያለውም ቢሆን ብዙ ሙስሊም ነጋዴ ከባንክ ብድር ይርቅ ነበር። ከወለድ ነፃ አገልግሎት ብቻ በመስጠት የመጀመሪያው የሆነው ዘምዘም ባንክ ሥራ የጀመረው በ2013 ዓ.ም. ነው።

ክፍተቱን የሞላው ዕቁብ ነው። ለምሳሌ ያህል ሃያ ነጋዴዎች በየሳምንቱ 1,000 ብር ቢጥሉ፣ በየሳምንቱ ለአንዱ 20,000 ብር ይወጣል። መጀመሪያ ዕጣ የወጣለት ሰው፣ የራሱ 1,000 ብር ሲቀነስ፣ 19,000 ብር ያለ ወለድ ተበድሮ በ19 ሳምንት ይከፍላል ማለት ነው። የመጨረሻው ሰው ግን ያበደረ እንጂ የተበደረ አይደለም፤ የሚያገኘው ጥቅም በመሳቢያ ቢያስቀምጠው ኖሮ ሊያባክነው የሚችለውን ገንዘብ በአንድነት መቀበሉ ነው። መያዣው ዋስ ነው፤ ዋሱን የሚያጸናውም ዳኛውና ጸሐፊው የያዙት መዝገብ ብቻ ሳይሆን፣ ዕቁብ የካደ ሰው በዚያ ተራ ዳግመኛ ዱቤ የማያገኝ መሆኑ ነው።

ዕቁብ ድካምም አለው። ዕጣው የሚወጣው ነጋዴው ገንዘብ በፈለገበት ቀን ሳይሆን ዕጣው በወደደው ቀን ስለ ሆነ፣ የቸገረው ሰው ዕጣ ከወጣለት ላይ ተጨማሪ ገንዘብ ከፍሎ ተራውን ይገዛል። ስሙ ወለድ አይባል እንጂ ለሒሳብ ባለሙያ ትርጉሙ አይሰወርም። የዋጋ ግሽበት ሲበረታ ደግሞ ኋላ የሚወጣለት ሰው የተቀበለው ብር ከጣለው ብር ያነሰ ዕቃ ይገዛል። ይህም ሁሉ ሆኖ፣ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ምሳሌ እንደ ዕቁብ በግልጽ የሚታይበት ተቋም ማግኘት ያስቸግራል።

ሕጉ ነጋዴውን እንዴት አየው?

ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀው የንግድ ሕግ ዘመናዊ ሕግ ነበር። ነጋዴ የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ አዘዘ፤ የንግድ ማኅበራትንም በየዐይነታቸው ደነገገ። ሆኖም ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት ሰዎችና 15,000 ብር ካፒታል ያስፈልግ ነበር። ብቻውን የሚነግደው ሰው ከዚህ ጥላ ውጪ ቀረ። ንግዱ ቢከስር የሚጠየቀው በሱቁ ዕቃ ብቻ ሳይሆን ባለው ንብረት ሁሉ ነው። ፈረንሳይ የአንድ ሰው ኩባንያን እ.ኤ.አ. በ1985፣ የአውሮፓ ማኅበረሰብም በ1989 በሕግ ሲቀበሉ፣ የእኛው ሕግ ይህን በር የከፈተው በ2013 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243፣ ነው። ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለመጀመሪያ ጊዜ ታወቀ።

በመካከሉ የ1966ቱ አብዮት መጣ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት ሲያደርግ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ዝቅተኛ ኪራይም ተቀነሰ። ተከራይ የነበረው ትንሽ ነጋዴ በዚህ የተጠቀመ መሆኑ አይካድም። በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 76 ግን የግል ንግድን በአንድ ፈቃድ ብቻ ወሰነ፤ የችርቻሮ ካፒታል ከ200,000 ብር፣ የጅምላ ደግሞ ከ300,000 ብር እንዳያልፍ ጣሪያ አበጀ።

ጣሪያው ለትንሹ ነጋዴ ሩቅ ቢመስልም ውጤቱ ቅርብ ነበር። ማደግ የማይፈቀድለት ነጋዴ ገንዘቡን በንግዱ ከመጨመር ይልቅ መደበቅን ይመርጣል፤ ትክክለኛ መዝገብ መያዝም ራስን ማጋለጥ ይሆንበታል። ስኳርና ሌሎች መሠረታዊ ሸቀጦች በቀበሌ የኅብረት ሱቅ በኩል በራሽን ሲታደሉ፣ የግል ሱቁ የዕለት ገበያተኛውን አጣ። ጣሪያዎቹ የተነሡት በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው። ዐሥራ አራት ዓመት ያህል የቆየው የመደበቅ ልማድ ግን ከአዋጁ ጋር አልተነሣም።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ

የንግድ ነፃነት ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሲሰፋ የገባያው ሸቀጥ በዛ፤ ተወዳዳሪውም በዛ። በ1988 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 40 የአነስተኛ ፋይናንስ ተቋማትን ፈቀደ። እነዚህ ተቋማት ብዙ ጊዜ የተጠቀሙበት የቡድን ዋስትና የዕቁቡን ጥበብ በሌላ ስም የተቀበለ ነበር፤ ብቻውን ለሚመጣ ተበዳሪ ግን በሩ ጠባብ እንደ ሆነ ቀረ።

ግብሩም የራሱ ታሪክ አለው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ግብር ከፋዮችን «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ብሎ ሲከፍል፣ ዓመታዊ ገቢያቸው ከ500,000 ብር በታች የሆኑት የደረጃ «ሐ» ግለሰቦች የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ አልነበረባቸውም፤ የሚከፍሉት በግምት ነበር። ክፍፍሉ ኋላ ቢሻሻልም፣ በ2009 ዓ.ም. ክረምት የተደረገው የቀን ገቢ ግመታ ያስነሣው ቅሬታ የሚረሳ አይደለም፤ በአንዳንድ ከተሞች ሱቆች እስከ መዘጋት ደርሰዋል። ከመዝገብ ነፃ መሆን ለትንሹ ነጋዴ የተሰጠ ምሕረት ይመስል ነበር። ግመታው የበዛበት ቀን ግን «ገቢዬ ይህን ያህል አይደለም» ብሎ የሚያስረዳበት አንድ ቅጠል ወረቀት አልነበረውም።

ኅዳር 2017 ዓ.ም. በመርካቶ የደረሰኝ ቁጥጥር ሲጠብቅም ብዙ ሱቆች ለቀናት ተዘግተው ነበር። የቸርቻሪዎቹ ዋና አቤቱታ ከአስመጪውና ከጅምላ ሻጩ ያለ ደረሰኝ የገዙትን ዕቃ በደረሰኝ ሽጡ መባላቸው ነው። ሕጉ ደረሰኝ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ በሰንሰለቱ መጨረሻ የቆመው ሰው ግን ለሰንሰለቱ ሁሉ ብቻውን ተጠያቂ ሆኖ መታየቱ የቆየው ታሪክ ቅጣይ ነው።

ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ሁለት ነገሮች የብቻ ሱቅን ደካማነት አጋልጠዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በቀድሞው ዋጋ የገዛውን ሸቀጥ ጥቂት ጨምሮ የሸጠ ነጋዴ ትርፍ ያገኘ መስሎት ነበር፤ በሸጠበት ገንዘብ ያንኑ ያህል ዕቃ መተካት ሲያቅተው ግን የሸጠው ካፒታሉን መሆኑን ተረዳ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት ደግሞ ሸማ ተራ አካባቢ በተነሣው ከባድ የእሳት አደጋ የብዙ ነጋዴ ንብረት ወደመ። ጎረቤት አደራ የተባለውን ሱቅ ይጠብቃል፤ እሳት ሲነሣ ግን የጎረቤትም ሱቅ አብሮ ይቃጠላል። ዕድርና ዕቁብ አንድ ሰው ሲወድቅ ያነሣሉ፤ ተራው በሙሉ ሲወድቅ ግን ከተራው ውጪ የሚዘረጋ እጅ፣ ይኸውም ኢንሹራንስ፣ ያስፈልጋል።

የሙያው ድርሻ

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ለሒሳብ፣ ለሕግና ለንግድ ሥራ ባለሙያ ባዕድ አይደለም። የአንዋር ሰፈር ነጋዴ ሥርዓት የለውም ማለት ስሕተት ነው። ዋስትናው፣ አደራው፣ ዕቁቡና የጅምላ ነጋዴው እምነት የተሟላ ሥርዓት ናቸው፤ የጎደላቸው ከሚያውቁት ሰዎች ክበብ ውጪ የሚነበብ ማስረጃ ብቻ ነው። ባንኩ፣ ግብር ሰብሳቢው፣ ፍርድ ቤቱና ኢንሹራንሱ ደግሞ ቃልን ሳይሆን ወረቀትን ያነባሉ።

ስለዚህ ባለሙያው ወደዚህ ሱቅ ሲገባ የትልቅ ኩባንያን መዝገብ በትንሹ ገልብጦ ይዞ መግባት የለበትም። መጀመሪያ የሚያስፈልጉት አራት ነገሮች ናቸው፤ የሱቁን ገንዘብ ከቤቱ የሚለይ አንድ መስመር፣ ባለዕዳና ባለገንዘብ በሙሉ ስማቸው የሚጻፉበት አንድ ደብተር፣ ከእያንዳንዱ ሽያጭ ዕቃውን ለመተካት የሚቀመጠውን የሚያሳይ አንድ ስሌት፣ ባለቤቱ ቢታመም መዝገቡን አንብቦ ሱቁን መክፈት የሚችል አንድ የታመነ ሰው። የዕቁብ ጸሐፊ መዝገብም በአግባቡ ሲያዝ የነጋዴውን ክፍያ አክባሪነት የሚመሰክር ሰነድ ሊሆን ይችላል።

የመርካቶ ገጽታ እየተለወጠ ነው። ዝቅተኛዎቹ ሱቆች ለፎቅ ሕንፃ ስፍራ ሲለቁ፣ ቆጡም፣ በረንዳውም፣ ትይዩ ተቀምጦ የሚጠባበቀውም ጎረቤት አብረው ይሄዳሉ። ነጋዴው ከፎቁ ላይ ክፍል ቢያገኝ እንኳ የቀድሞው ተራው ያበጀለትን ድጋፍ ይዞ አይወጣም። ሕግና ሙያ የሚተካ ድጋፍ በጊዜው ካላቀረቡለት፣ እስከ ዛሬ በዕዳው፣ በግብሩና በሕመሙ ቀን ብቻ ይሰማው የነበረው ብቸኝነት የየዕለት ኑሮው ይሆናል።